አናሲሞስ፦ ጌቶች ያወጡት፣ ጌታ ያደሰው ስም

(በሬዲዮ የቀረበ ትምህርት፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተዘጋጀ)



በአገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። መልአክ ያውጣውም አያውጣውም፣ ስም ዝም ብሎ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ የወለዱ ወላጆች «ምትኩ» ወይም «ካሳ» ይላሉ። መከራ ያሳለፈች እናት «ማስረሻ» ትላለች። አባት ጠላት በዝቶበት ከሆነ ልጁን «መከታ» ይለዋል። አያችሁ? ሕፃኑ ገና ምንም አልሠራም። ስሙ የሚናገረው ስለ ሕፃኑ ሳይሆን ስለ ሰያሚው ነው፤ ስለ ሰያሚው ኀዘን፣ ስለ ሰያሚው ተስፋ፣ ስለ ሰያሚው ፍላጎት። እስቲ እናንተም ለአፍታ ቆም ብላችሁ አስቡ፦ የእናንተን ስም ማን አወጣው? ምን ፈልጎ አወጣው?

ዛሬ የምንመለከተው ስም መልአክም እናትም ያወጡት ስም አይደለም። የባሪያ ጌቶች ያወጡት ስም ነው። ሆኖም በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ገብቷል፤ ውቅያኖስ ተሻግሯል፤ በመጨረሻም ወደ አገራችን መጥቶ፣ በባርነት ተሸጦ በነበረ በአንድ ወጣት ላይ አርፏል። ስሙ አናሲሞስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ምን ማለት ነው?

አናሲሞስ የግሪክ ስም ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን «አናሲሞስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌሎች ደግሞ ወደ ግሪኩ ቀረብ አድርገው «ኦኔሲሞስ» ይሉታል። ስሙ አንድ ነው። ትርጉሙም «የሚጠቅም፣ ጥቅም የሚሰጥ፣ የሚረባ» ማለት ነው።

«ታዲያ ይሄ ምን ክፋት አለው? ጠቃሚ መባል ጥሩ አይደል?» ትሉ ይሆናል። ክፋቱ ያለው በማን አፍ እንደሚጠራና በማን ላይ እንደወጣ ስናይ ነው። በሮማውያን ዘመን ይህ ስም ከሁሉ በላይ የሚታየው በባሮችና ከባርነት በወጡ ሰዎች ላይ ነው። ባሪያ ሲገዛ ወይም በጌታው ቤት ሲወለድ፣ ስም የማውጣት መብት የጌታው ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ቢኖርም በገዢው ፊት ዋጋ አልነበረውም። ገዢው ደግሞ ምን ይፈልጋል? ገንዘብ ያወጣበት ነገር እንዲጠቅመው ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱን «ጠቃሚ»፣ ሌላውን «ፍሬ»፣ ሌላውን «ዕድለኛ» ይለው ነበር። ገበሬ በሬውን በመልኩና በጉልበቱ እንደሚጠራው ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት ስሞች በአዲስ ኪዳን ውስጥ ጥቂት አይደሉም። ጳውሎስ ሲያስተምር እንቅልፍ ጥሎት ከመስኮት የወደቀው አውጤኪስ (የሐዋርያት ሥራ 20) ስሙ «ዕድለ መልካም» ማለት ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 የተጠቀሰው ፈርዶናጥስም በሮማይስጥ ያው ትርጉም አለው። የሮሜን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ደግሞ ስሙ «ሦስተኛ» ማለት ነው፤ ቁጥር ብቻ! እነዚህ ሁሉ ባሮች ነበሩ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ምን ዓይነት ሰዎች ይቀመጡበት እንደነበር ስሞቹ ራሳቸው ይጠቁሙናል። በገበያ ላይ የቆሙ፣ በቁጥር የተጠሩ ሰዎች በጌታ ማዕድ ዙሪያ «ወንድም» እና «እህት» ይባሉ ነበር።

በፊልሞና ቤት የተነበበው ደብዳቤ

የፊልሞና መልእክት አጭር ናት። 25 ቁጥር ብቻ ናት፤ ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ቡና ሳይፈላ ትጨርሱታላችሁ። ፊልሞና በቆላስይስ፣ በዛሬዋ ቱርክ ምድር፣ የሚኖር አማኝ ነበር። ምእመናን የሚሰበሰቡት በእርሱ ቤት ነው። ባሪያም ነበረው፤ ስሙ አናሲሞስ። ይህ ባሪያ ከጌታው ተለይቶ ሄደ። ብዙዎች ኮብልሎ ነው ይላሉ፤ ምናልባትም የጌታውን ንብረት አጉድሎ ይሆናል። ጳውሎስም ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ይላል (ቁጥር 18)። እንዴት እንደተገናኙ ደብዳቤው አይነግረንም እንጂ፣ አናሲሞስ በእስር ላይ ከነበረው ከጳውሎስ ዘንድ ደረሰ፤ በዚያም ክርስቶስን አመነ።

በዚያ ዘመን የኮበለለ ባሪያ መመለስ ቀላል ነገር አልነበረም። ሕጉ ለጌታው ያደላ ነበር። የተያዘ ኮብላይ ይገረፋል፤ በግንባሩ ላይ በጋለ ብረት ምልክት ሊደረግበት ይችላል። አናሲሞስ ወደዚያ ቤት ሲመለስ በእጁ የያዘው ዋስትና አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። በቆላስይስ 4፥9 እንደምናየው አብሮት የሚሄደው ቲኪቆስ ነው። ጳውሎስ በዚያ ቁጥር «ባሪያ» የሚለውን ቃል አላነሣም፤ ታማኝና የተወደደ ወንድም፣ ከእናንተው ወገን ነው ብሎ ነው ያስተዋወቀው።

አሁን ደብዳቤውን በጥንቃቄ እንመልከት። ጳውሎስ ስሙን ቶሎ አይጠራም። ሰላምታ ይሰጣል፤ ፊልሞናን ያመሰግናል፤ ማዘዝ ስችል በፍቅር እለምንሃለሁ ይላል። ከዚያም በቁጥር 10 ላይ፣ በግሪኩ የቃላት አቀማመጥ፣ መጀመሪያ «ልጄ» ይላል፤ ቀጥሎ በእስር ቤት የወለድሁት ይላል፤ ስሙን የሚጠራው በመጨረሻ ነው። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ይህ ቅደም ተከተል ብዙም አይታየንም። እስቲ ያንን ጉባኤ አስቡት። ፊልሞና ተቀምጧል። ቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስቧል። «ልጄ» ሲባል ሁሉም ማን ይሆን ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ያ ስም ይመጣል። ፊልሞና ሲቆጣ ሲጠራው የኖረው ስም፣ አሁን ከ«ልጄ» በኋላ ተጠራ።

ቀጥሎ ጳውሎስ በስሙ ይጫወታል። በቁጥር 11 ላይ፣ ያ «ጠቃሚ» የተባለው ሰው ቀድሞ የማይጠቅም ነበር፣ አሁን ግን ለአንተም ለእኔም ይጠቅማል ይላል። እዚህ የተጠቀመባቸው የግሪክ ቃላት «አክሬስቶስ» እና «ኤውክሬስቶስ» ናቸው፤ የማይረባና በጣም የሚረባ ማለት ነው። «ክሬስቶስ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ጆሮ «ክሪስቶስ» ከሚለው ጋር በጣም ይቀራረብ ነበር። አንዳንድ ተርጓሚዎች እንደሚሉት ጉባኤው «ያለ ክርስቶስ ነበረ፤ አሁን በክርስቶስ ነው» የሚል ድምፅም ሳይሰማ አልቀረም። በቁጥር 20 ላይ ደግሞ ጳውሎስ ከዚያው ከስሙ ሥር የወጣ ቃል ተጠቅሞ፣ አሁን የምጠቀመው እኔ በአንተ ልሁን ይለዋል ለፊልሞና። ምን ማለቱ ነው? «ፊልሞና ሆይ፣ ሰውን ስታስጠቅም ኖረሃል፤ ዛሬ አንተ ጠቃሚ ሁን እስቲ!» ማለቱ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ። ጳውሎስ በቁጥር 11 ላይ አላቆመም። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ደብዳቤው «ባሪያህን አስተካክዬልሃለሁ፤ አሁን በደንብ ይሠራልሃል» የሚል ይሆን ነበር። የደብዳቤው ጫፍ ቁጥር 16 ነው፦ ከእንግዲህ እንደ ባሪያ አይደለም፤ ከባሪያ በላይ፣ የተወደደ ወንድም ሆኖ ተቀበለው። በቁጥር 17 ደግሞ እኔን እንደምትቀበል አድርገህ ተቀበለው ይላል። ጳውሎስ ስሙን አልቀየረለትም። አብርሃምን፣ ያዕቆብን፣ ስምዖንን እግዚአብሔር በአዲስ ስም ጠርቷቸዋል። አናሲሞስ ግን አናሲሞስ ሆኖ ቀረ። የተቀየረው ስሙ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው። «ጠቃሚ» የሚለው ስም የዋጋው ማረጋገጫ መሆኑ ቀረና የወንድም መጠሪያ ሆነ።

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የአንጾኪያው ኢግናጥዮስ ለሰማዕትነት ወደ ሮም ሲወሰድ ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጽፏል። በዚያ ደብዳቤ የኤፌሶንን ኤጲስ ቆጶስ ያመሰግናል፤ የኤጲስ ቆጶሱም ስም አናሲሞስ ነው። ያው የፊልሞናው አናሲሞስ ይሁን ሌላ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙበትም። አንድ ነገር ግን የታወቀ ነው፦ የባሪያ ስም ይዞ ሳለ በታላቂቱ የኤፌሶን ከተማ የቤተ ክርስቲያን መሪ የሆነ ሰው ነበር፤ ስሙንም አልደበቀውም።

ስሙ ተወስዶ ወንጌሉ ሲቀር

አሁን ብዙ ዘመን አልፈን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ወደ ቦስተን ከተማ። በ1706 የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን መጋቢያቸውን ለማክበር ስጦታ ሰጡት። ስጦታው ምን ነበር? ከአፍሪካ የመጣ አንድ ሰው ነበር። መጋቢው ኮተን ማዘር ይባላል፤ በዘመኑ የታወቀ ሰባኪና ጸሐፊ ነው። ለተሰጠው ሰው «አናሲሞስ» የሚል ስም አወጣለት። እናቱ በአፍሪካ ምድር ምን ብላ ትጠራው እንደነበር የጻፈ የለም።

ይህ ሰው ለጌታው አንድ ነገር ነገረው። በአገሩ ሳለ ፈንጣጣን ለመከላከል፣ ከታመመ ሰው ቁስል ጥቂት ወስደው በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ጫር አድርገው እንደሚያስገቡ፣ እርሱም እንደተደረገለት አስረዳው። ማዘር በ1716 ይህን ለንደን ላለ የሊቃውንት ማኅበር ጻፈ። በ1721 ፈንጣጣ ቦስተንን ሲመታ፣ ማዘር ሐኪሞችን ለመነ፤ ዛብዲኤል ቦይልስተን የሚባል ሐኪም ብቻ እሺ አለ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ በማዘር ቤት ላይ ሳይቀር ፈንጂ ተወረወረ። ውጤቱ ግን ታየ። በዚያ ወረርሽኝ ወደ 5,900 ሰው ታምሞ 844 ሰው ሞተ። በዚህ መንገድ ከተከተቡት ከ240 በላይ ሰዎች ግን የሞቱት 6 ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ከዚህ በላይ «ጠቃሚ» ማን አለ? ሆኖም ማዘር ያንን ሰው ሙሉ ነፃነት አልሰጠውም። በ1716 ሌላ ባሪያ የሚገዛበት ገንዘብ አስከፍሎት ነው የለቀቀው፤ ያም ሆኖ ቤቱ ሲፈልገው እየመጣ እንዲያገለግል ግዴታ አኖረበት። ማዘር የፊልሞናን መልእክት ያውቅ ነበር፤ ባያውቅ ኖሮ ስሙን ከየት ያመጣዋል? ነገር ግን ቁጥር 10ን እና ቁጥር 11ን ወስዶ ቁጥር 16ን ተወ። ስሙን ወሰደ፤ ወንጌሉን ተወ።

ከመቶ ዓመት በኋላም ይኸው ሆነ። በ1833 አካባቢ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ቻርልስ ኮልኮክ ጆንስ የተባለ ሰባኪ፣ በባርነት ላሉ ጥቁሮች ከዚሁ ከፊልሞና መልእክት ሰበከ። ለጌቶቻችሁ ታዘዙ፤ መኮብለል ኃጢአት ነው አላቸው። በኋላ ራሱ ሰባኪው እንደ ዘገበው፣ ከአድማጮቹ ግማሽ የሚያህሉት ተነሥተው ወጡ። አንዳንዶቹም ይህ ወንጌል አይደለም አሉ። እነዚያ ሰዎች ማንበብ እንኳ ተከልክለው ነበር። ነገር ግን ደብዳቤው ወዴት እንደሚያመለክት ከሰባኪው ይልቅ ገብቷቸው ነበር። መንፈስ ቅዱስ ማስተዋልን ለተማረ ብቻ አይሰጥም።

ሂካ፣ ነሲብ፣ ኦኔሲሞስ

ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ አንድ ሕፃን ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ አሉት። በአፋን ኦሮሞ ይህ ቃል «ፈታ» ከሚለው የወጣ ነው፤ የታሰረን መፍታት፣ ደግሞም ቃልን መፍታት፣ መተርጎም ማለት ነው። በአማርኛችንም እኮ እንዲሁ ነው፤ «ፈታ» ስንል እስረኛም እንፈታለን፣ ሕልምም እንፈታለን፤ የቃልንም ትርጉም «ፍቺ» እንለዋለን።

ሂካ አባቱ የሞተው ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። ቀጥሎም ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጠ ወደ ቀይ ባሕር ተነዳ። በዚያ መንገድ ላይ ስሙ ተቀማና ነሲብ ተባለ። ነሲብ ማለት ዕጣ፣ ዕድል ማለት ነው፤ እኛም «በነሲብ» ስንል ሳይታሰብ፣ እንዲያው በአጋጣሚ ማለታችን ነው። የታሰረውን እንዲፈታ የተሰየመ ልጅ፣ ራሱ ታስሮ «አጋጣሚ» ተባለ! ቅድም «ዕድለኛ» ስለሚባሉት የሮም ባሮች አላነሣንም? ከ1,800 ዓመት በኋላ በአገራችን መንገድ ላይ ያው ስም በሌላ ቋንቋ ወጣ። የባሪያ ነጋዴ በየትም አገር፣ በየትም ዘመን አንድ ዓይነት አሳብ ነው ያለው።

በ1870 ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣው፤ በዚያ ላሉት ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አገልጋዮችም ሰጠው። እነዚህ አገልጋዮች ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው። አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ ተዘግቶባቸው በባሕሩ ዳር ቀርተዋል። ወደ ሕዝቡ መግባት ሲያቅታቸው፣ ከሕዝቡ አንድ ልጅ ወደ እነርሱ መጣ። ልጁ ተማረ፤ አመነ፤ በ1872 በትንሣኤ በዓል ቀን፣ መጋቢት 31፣ ተጠመቀ። በጥምቀቱም ኦኔሲሞስ ተባለ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በባርነት ለተሸጠ ልጅ የባሪያ ስም ማውጣት ለምን አስፈለገ? ይህ ስም በቦስተን እንደሆነው ሊሆን ይችል ነበር፤ «ለሚሲዮኑ የሚጠቅም ልጅ» ብሎ ሊቀር ይችል ነበር። እዚህ ግን ስሙ ከቁጥር 16 ጋር መጣ። ወጣቱ ወደ ስዊድን ተልኮ በዮሐንስሉንድ የወንጌል ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ፤ የወንጌል አገልጋይ ሆኖም ተመለሰ። ምሕረት ኃይሉ የምትባል እህት አገባ። ወዲያውም ወደ ሕዝቡ ለመድረስ ጉዞ ጀመረ። በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ በሽታና የተዘጋ መንገድ መለሳቸው፤ በ1882 ካርቱም ተመለሱ። በ1886 በሸዋ በኩል ሞከሩ፤ እንጦጦ ደርሰው እንዲመለሱ ታዘዙ።

መንገዱ ሲዘጋ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀመጠና ብዕሩን አነሣ። በልጅነቱ ከሕዝቡ መካከል ስለ ተወሰደ የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንደሚፈልገው አልሞላለትም ነበር። በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር ረዳት አዘጋጀለት። አስቴር ገኖ የምትባል ወጣት በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ በባሕር ላይ ነፃ ወጥታ ወደ እምኩሉ መጣች። አስቴር ቋንቋውን አጥርታ ታውቅ ነበር። ወደ 6,000 የሚሆኑ ቃላትን ሰበሰበች፤ 500 ያህል ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከቃሏ ጻፈች። ሁለቱ አብረው ሠሩ። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ፣ በግዕዝ ፊደል፣ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ሁለት የተሸጡ ልጆች ለአንድ ታላቅ ሕዝብ የእግዚአብሔርን ቃል በቋንቋው አስረከቡ። የአስቴርን ስም ግን ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ጊዜ እንደሚገባው አላነሣችውም፤ እናንተ አንሡት።

አያችሁ የእግዚአብሔርን ሥራ? «ሂካ» ተቀምቶ ነበር። ነገር ግን ሂካ ማለት ፈቺ፣ ተርጓሚ አይደል? የተሰረቀው ስም ፍቺውን አገኘ! እናትና አባቱ በኢሉባቦር ያወጡለት ስም፣ ልጁ በባዕድ ምድር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉም ተፈጸመ።

«ነሲብ»ስ? ያን ስም አልጣለውም። ዛሬ ታሪክ የሚያውቀው ኦኔሲሞስ ነሲብ ብሎ ነው። ነጋዴ ያወጣለት የውርደት ስም፣ በአባት ስም ቦታ ከወንጌል ስሙ ቀጥሎ ቆመ። ከየት እንደወጣ የሚያስታውስ ምስክር ሆነ።

በ1904፣ ነፃ ከወጣ ከ34 ዓመት በኋላ፣ ወደ ወለጋ ተመለሰ፤ በቦጂ፣ በኋላም በነቀምት አስተማረ። መከራም አልቀረለትም። በ1906 ተከሶ በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ በግዞት እንዲወጣ ተፈረደበት። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ እንዳይሰብክ ግን ተከለከለ። ታዲያ ምን አደረገ? አስተማሪ ሆነ። ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ አስተማረ፤ የሚያነቡትም መጽሐፍ ራሱ የተረጎመው ነበር። ሕዝቡም አባ ገመቺስ ብሎ ጠራው፤ ገመቺስ «ደስ ማሰኘት» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምት ወደ ጌታው ሄደ። ዛሬ በወለጋ በአይራ በስሙ የሚጠራ የቤተ ክርስቲያን ሴሚናሪ አለ።

ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ በአገራችን የወጣው በ1942 ነው፤ እርሱ ካረፈ 11 ዓመት በኋላ። ወንጌሉ ከአዋጁ ቀድሞ «ወንድም» ብሎት ነበር።

ይህ ለእኛ ምን ይለናል?

ውድ አንባቢ፣ ታሪኩን የተረክነው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ይጠይቀናል።

አንደኛ፣ በቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ስሟ ማን ነው? አትቆጡ፤ በእውነት ነው የምጠይቃችሁ። በስንት አማኝ ቤት «ልጅቷ»፣ «ሠራተኛዋ» ተብላ ትጠራለች? የኛ እህቶች በዓረብ አገር ሌላ ስም ሲሰጣቸው፣ ፓስፖርታቸው ሲቀማ እናለቅሳለን፤ ማልቀሳችንም ትክክል ነው። ነገር ግን ከገጠር የመጣችው ልጅ በእኛ ማድቤት ስሟ ሲጠፋ ማን ያለቅስላት? ጸሎት ሲደረግ አብራ ትቀመጣለች ወይስ ሳህን ታጥባለች? «ባሪያ» የሚለው ስድብስ ከአማኞች አፍ ጠፍቷል? የፊልሞና ደብዳቤ የተጻፈው ለከሓዲ አይደለም፤ በቤቱ ጉባኤ ለሚያደርግ አማኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሰውን በጥቅሙ ብቻ ልትመዝን ትችላለች። ሲዘምር እናውቀዋለን፤ ድምፁ ሲዘጋ እንረሳዋለን። ገንዘብ ሲሰጥ በስሙ እንጠራዋለን፤ ሥራ ሲያጣ ወንበሩ ባዶ መሆኑን እንኳ አናይም። በእግሩ ተራራ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን የተከለ ሽማግሌ ወንጌላዊ ዛሬ በአልጋ ላይ ነው፤ ማን ይጠይቀዋል? ይህ በቁጥር 11 ላይ መቆም ነው። በቁጥር 11 የቆመች ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰው ሲደክም ትጥለዋለች። ቁጥር 16 ግን ወንድም ይላል፤ ወንድም ቢታመምም ወንድም ነው፤ ባይሠራም ወንድም ነው።

ሦስተኛ፣ ምናልባት ይህን የምታነበው አንተ ራስህ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ራስሽ፣ ሰው ያወጣብህን ስም ተሸክመህ ይሆናል። «የማይረባ» ተብለህ ይሆናል። «ሳይታሰብ የተወለድሽ» ተብለሽ ይሆናል፤ ነሲብ ማለት ያው እኮ ነው! ስሙኝ፤ ማንም በነሲብ አልተፈጠረም። በኢሉባቦር የተሰረቀውን ልጅ በምጽዋ ያየ አምላክ አንተንም ያያል። እርሱ ሰዎች ያወጡብንን ስም ሁልጊዜ አይፍቀውም፤ አንዳንዴ ያንኑ ስም ወስዶ ሌላ ፍቺ ይሰጠዋል። የሚጠራንም ለሚያገኝብን ትርፍ አይደለም፤ እኛ ስለምንጠቅመው አልሞተልንምና። ገና የማንረባ ሳለን ነው የሞተልን። ጳውሎስ ዕዳውን በእኔ ላይ ቁጠር ብሎ በገዛ እጁ እንደ ፈረመ፣ ኢየሱስም ዕዳችንን በመስቀል ላይ ፈርሞ ከፍሏል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። ፊልሞናን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብላችሁ በቤታችሁ አንብቡ፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይስማ፤ ማንም ማድቤት አይቅር። ከዚያም ስሙን ሳትጠሩት የከረማችሁት አንድ ሰው ካለ፣ ፈልጋችሁ በስሙ ጥሩት፤ ከስሙም በፊት «ወንድሜ»፣ «እህቴ» በሉ።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በስማችን ስለምታውቀን እናመሰግንሃለን። ዕዳችንን በራስህ ላይ ስለ ቆጠርህ እናመሰግንሃለን። ሰውን በጥቅሙ የመዘንንበትን ልብ ይቅር በለን። ታስሮ ያለውን ፍታ፤ በነሲብ መጣሁ የሚለውን ልጅህ አድርገው፤ ቤታችንንም ሰው ሁሉ በስሙ የሚጠራበት ቤት አድርግልን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።